በዓል የሌለበት ቀን

በገና ዕለት ጠዋት ለእትዬ በላይነሽ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጃቸው ሰናይት ነበረች። እኔ እንደ ልማዴ ስለ ዶሮዬና ስለ ድፎዬ ስለፈልፍባት እሷ «እሺ፣ እሺ» ብቻ ትለኛለች። ከበስተጀርባዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማኛል፤ እንግዳ ሞልቶባት ነው አልኩ። «በይ እስቲ እናትሽን አቅርቢልኝ» ስላት «ተኝታለች፤ ስትነሳ እነግርልሻለሁ» አለችኝ። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ቆመው አድረው ደክሟቸው ይሆናል ብዬ «እሺ፣ አትቀስቅሻቸው» ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ አዳማ ቤቴ ውስጥ ዶሮዬን በላሁ፤ ጎረቤት ጠርቼ ስስቅ ዋልኩ።

በማግስቱ ሰናይት ራሷ ደወለች። እናቷ የሞቱት በገና ዋዜማ ጎህ ሲቀድ ነው፤ የተቀበሩትም ያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው።

«ታዲያ ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ጮህኩባት።

«በበዓል መርዶ ይነገራል እንዴ?» አለችኝ።

ይህን አባባል ከዚያ ቤት የሰማሁት ያን ቀን ብቻ አልነበረም። የእትዬ በላይነሽ ቤት በዚህች አንዲት ቃል ላይ ተደግፎ ብዙ ዓመት የቆመ ቤት ነው።

እሳቸውን ያወቅኳቸው አቃቂ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ክር ክፍል ተቀጥሬ፣ ግቢያቸው ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ቤት የተከራየሁ ጊዜ ነው። ቀጭን፣ ረዥም፣ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው የሚታጠቁ ሴት ነበሩ። ሲያናግሩ ሰው አያዩም፤ የያዙትን ሥራ ነው የሚያዩት። ቤቱን ሊያሳዩኝ ሲያስገቡኝ ስለ ሥራዬም ስለ ባልም አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ «ገናን የት ነው የምትውይው?» ብለው ነው። ዘመድ እዚህ እንደሌለኝና እዚሁ እንደምውል ስነግራቸው፣ «እንግዲያው ደንቡን ትለምጃለሽ» አሉኝና ቁልፉን ሰጡኝ።

ደንቡ ማለቂያ አልነበረውም። በገና ዋዜማ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጨው፣ በርበሬና ክብሪት ከግቢያቸው አይወጣም፤ ጎረቤት ቢቸገርም ይቸገር። ዶሮ የሚገነጥል ሰው አያወራም፤ ካወራ ብልቱ ይጎድላል፣ ብልቱ ከጎደለ ቤቱ ይጎድላል። በገና ቀን «አለቀ» የሚባል ቃል ከአፍ አይወጣም። ወጡም ቢያልቅ፣ ዳቦውም ቢያልቅ «በረከተ» ነው የሚባለው። አንዴ ረስቼ «ጨው አልቋል» ብል በግራና በቀኝ «ቱ! ቱ!» ብለው ተፉና ወደ በሩ መልሰው እንደገና አስገቡኝ። ገብቼ «ጨው በርክቷል» ማለት ነበረብኝ። አልኩ። ጨው ግን አልነበረም።

የገና ዶሮ ሲገዙ አብሬያቸው መሄድ ትልቅ ፈተና ነበር። ቀይ አውራ ዶሮ ካልሆነ አይገዙም። አንስተው ክብደቱን ያያሉ፣ ቆቡን ያያሉ፣ ጥፍሩን ያያሉ፣ ላባውን ገልጠው ያያሉ፤ አስቀምጠው ወደ ሌላው ይሄዱና እንደገና ወደ መጀመሪያው ይመለሳሉ። የአቃቂ ገበያ ዶሮ ነጋዴዎች ገና ከሩቅ ሲያዩአቸው «መጡ ደግሞ መርማሪዋ» ይባባሉ ነበር።

አንድ ነገር ግን ቶሎ ገባኝ። እትዬ በላይነሽ ለደንባቸው የሚገዙ ሰው አልነበሩም፤ ደንቡን እንደሚመቻቸው አድርገው የሚያዙ ሰው ነበሩ። ድፎ ዳቦ በላዩ ላይ ሲሰነጠቅ ስንጥቁን ያነቡታል። ወደ በሩ የዞረ ስንጥቅ ከቤት ሰው ይወጣል ማለት ነው፤ ወደ ጓዳ የዞረ ደግሞ የራቀ ሰው ይመጣል። የመጀመሪያውን ገና ከእሳቸው ጋር ስውል ዳቦውን አውጥተው አስቀመጡት፣ አዩት፣ ከዚያ ቀስ አድርገው ስንጥቁን ወደ ጓዳ መለሱት። «እሰይ! እንግዳ አለብን» አሉ።

«እትዬ፣ እርስዎ እኮ ነዎት ያዞሩት» ብላቸው፣

«ታዲያ ማን ያዙረው? ዳቦ እጅ አለው?» አሉኝ፤ ፊታቸው ላይ ፈገግታ የሚባል ነገር ሳይኖር።

የሚጠበቀው እንግዳ ባላቸው ነው። ጋሽ ይልማን እኔ አላውቃቸውም፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ነው የማውቀው። ትልቅ ባለተሳቢ መኪና በር ተደግፈው፣ አንድ እግራቸውን አጥፈው፣ ፀሐይ ዓይናቸው ውስጥ ገብታ ይታያሉ። የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበሩ። የአሰብን መንገድ የዘጋው የሰሜኑ ጦርነት የፈነዳ ሰሞን መኪናቸውን ይዘው ወደብ ላይ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው የለም። ሰናይት ያን ጊዜ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች።

ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት አለው፤ እያንዳንዱ ብልትም ባለቤት አለው። ፈረሰኛው የአባወራው ነው። ይህ በየቤቱ ያለ ደንብ ስለሆነ ማንንም አይገርምም። የሚገርመው እትዬ በላይነሽ ቤት የሚሆነው ነው። ገና ማንም እጁን ሳይታጠብ ፈረሰኛውን ከድስቱ ያወጡና ጠርዙ ሰማያዊ በሆነ የቆርቆሮ ሳህን ላይ አድርገው፣ በሌላ ሳህን ከድነው፣ ባላቸው ይቀመጡበት ከነበረው ወንበር ፊት ያኖሩታል። እኛ በልተን እንነሳለን። ሳህኑ እንደተከደነ ይውላል፤ ያድራል።

በማግስቱ ጠዋት ያችን ሳህን በነጠላቸው ጠቅልለው በታክሲ ወደ ቃሊቲ ይሄዳሉ። የጭነት መኪኖች መንገድ ዳር ተደርድረው ከሚያድሩበት ቦታ ሲደርሱ ከጎማ ጎማ እየዞሩ ሹፌሮቹን «ወዴት ነህ?» ይጠይቃሉ። ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ሹፌር ሲያገኙ ሳህኑን ይከፍቱለታል። «የባለቤቴ ድርሻ ነው፤ ብላልኝ» ይሉታል። ቆመው እስኪጨርስ ይጠብቃሉ፤ አጥንቱን ተቀብለው ይመለሳሉ። አንድ ጊዜ ሳህኑን ይዤላቸው ሄጄ ነበርና፣ ስንመለስ ለምን እንደዚህ እንደሚያደርጉ ጠየቅኳቸው።

«እኔ የሰው ባል ካበላሁ፣ የሆነች ሴት ደግሞ የእኔን ታበላልኛለች» አሉኝ።

ሰናይት በዚህ ነገር እየተሳቀቀች ነው ያደገችው። «እማዬ፣ ሹፌሮቹ ይስቁብሻል» ትላቸው ነበር። «ይሳቁ፤ እየበሉ ይሳቁ» ይሏታል።

በዚያ ወንበር ላይ ሰው አይቀመጥም ነበር፤ ከአንድ ሰው በቀር። እሱም ጋሽ ሁሴን ነው። የጋሽ ይልማ የሥራ ጓደኛ፣ በዚያው መንገድ ይነዳ የነበረ፣ ጦርነቱ ሲጀመር አብሯቸው አሰብ የነበረ ሰው ነው። ስንት ወር ቆይቶ በጅቡቲ ዞሮ ከስቶ፣ ጠቁሮ ተመለሰ። በየገናው፣ በየጥምቀቱ፣ በየፋሲካው ይመጣል። እስላም ስለሆነ የክርስቲያን ሥጋ አይበላም፤ እትዬ በላይነሽ ብስኩትና ለስላሳ ይገዙለታል፤ የጋሽ ይልማ ወንበር ላይ ያስቀምጡታል። መጀመሪያ ስለ ወዳጅነት ብቻ መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ። በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያችን ሳህን ሊከፍት የማይችል ወንድ በሰፈሩ ውስጥ እሱ ብቻ ነበር።

ጋሽ ሁሴን በተራ ቀንም ይመጣ ነበር። ያን ጊዜ ግን በሩ አይከፈትለትም። የግቢውን ቆርቆሮ በር ሲያንኳኳ እትዬ በላይነሽ ከውስጥ ሆነው «ማነው?» ይላሉ። «እኔ ነኝ፣ ሁሴን» ሲላቸው ወዲያው «ሁሴን፣ ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው!» ይሉታል። ሌላ ጊዜ «ዛሬ ልደታ ናት!» ይሉታል። ሌላ ጊዜ «ዛሬ አቦ ናቸው!» እሱም «እሺ» ብሎ ይመለሳል።

አንድ ቀን ታክሲ ስጠብቅ አገኘኝ። ቆቡን አውልቆ ላቡን ጠረገና «አንቺ ልጅ፣ እናንተ ጋ ምንም የሌለበት ቀን መቼ ነው?» አለኝ።

«ምን ማለትዎ ነው ጋሽ ሁሴን?»

«ወሩን ሙሉ ቆጠርኩት እኮ። በአንዱ ልደታ፣ በሦስት በዓታ፣ በአምስት አቦ፣ በሰባት ሥላሴ... ባዶ ቀን የለውም። ከእናንተ ቄስ በላይ አወቅኩት። አንድ ባዶ ቀን ብታገኚልኝ ምን ነበረበት።»

ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም። በዓይኑ ውስጥ ያየሁት ነገር ሳቄን መለሰው፤ ታክሲው መጥቶ ሄደ፣ አልተሳፈርኩም። ጋሽ ይልማ ሞተዋል። ይህ ሰው ያውቃል። ሊናገር ነው የሚመጣው። እትዬ በላይነሽም ሊናገር እንደሚመጣ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ነው መርዶ በማይነገርበት ቀን ብቻ በር የሚከፍቱለት። ያን ዕለት ማታ ቤት ስገባ እሳቸው ጎመን ይቀነጥሱ ነበር። «ዘገየሽ» አሉኝ። «ታክሲ ጠፋ» አልኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ከሚያውቁትና ከማይናገሩት ሰዎች አንዷ ሆንኩ፤ ሰናይትም ከእኔ በፊት ከነሱ አንዷ እንደነበረች እርግጠኛ ነኝ።

ሰናይት አድጋ ብርሃኑን አገባች። ብርሃኑ ቃሊቲ ጋራዥ የሚሠራ፣ ጨዋ፣ ትንሽ ፈሪ ልጅ ነው፤ አባቱን በልጅነቱ አጥቶ እናቱ ናቸው ያሳደጉት። ከሠርጉ በኋላ ለመጀመሪያው ገና እናቱን አስከትሎ፣ በእጁ የሚያምር ቀይ አውራ ዶሮ አንጠልጥሎ በዋዜማው መጣ። ለአማቱ በረከት ማምጣቱ ነው። እትዬ በላይነሽ ዶሮውን ተቀብለው መረቁት፤ ጓዳ ሲገቡ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«ምነው እትዬ?» አልኳቸው።

«ሁለት አውራ በአንድ ድስት። ሁለት ፈረሰኛ በአንድ ቤት። እንዴት አድርጌ ነው የምለየው?»

አንደኛውን ፈረሰኛ ለአዲሱ አማች መስጠት ግድ ነው። ሌላኛው የጋሽ ይልማ ነው። የጋሽ ይልማ መሆን ያለበት ደግሞ ራሳቸው መርምረው ከገዙት ዶሮ የወጣው ነው እንጂ ብርሃኑ ያመጣው አይደለም። ሁለት ድስት እንዳይጥዱ ቂቤውም ቅመሙም የተሰናዳው ለአንድ ነው። ቆመው ትንሽ አሰቡና «ከዚያ ክርሽ አምጪልኝ» አሉኝ። ከፋብሪካ የያዝኳት ነጭ ክር ነበረች፤ ሰጠኋቸው። የይልማን ፈረሰኛ በክር አስረው ቋጠሩና ከሌላው ጋር ድስት ውስጥ ከተቱት። ክሩ ነጭ ስለሆነ ይታየኛል ብለው ነው። ያን ሁሉ ዓመት ዶሮ ወጥ ሲሠሩ ኖረው፣ ቁሌት ውስጥ የገባ ነጭ ክር ቀይ እንደሚሆን ሳያስቡት ቀሩ።

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ስንቀርብ ገና አልነጋም፣ መብራትም ሄዷል። በሻማ ነው የቀረብነው። ጋሽ ሁሴንም ማልዶ መጥቶ ወንበሩ ላይ ነበር። እትዬ በላይነሽ ድፎውን ሲያስቆርሱ ሰናይት ወጡን አወጣች። አንዱን ፈረሰኛ ሳህኑ ላይ አድርጋ ከደነች፤ አንዱን ለባሏ አጎረሰችው።

ብርሃኑ ሲያላምጥ ቆየና አቆመ። እጁን አፉ ውስጥ ከቶ አንድ ነገር ያዘ፤ ሳበው። ክሩ እየረዘመ፣ ቂቤ እያንጠባጠበ ከአፉ ወጣ። መጀመሪያ ራሱ ብርሃኑ የመሳቅ ያህል አለ። እናቱ ግን ከተቀመጡበት ተነሱ።

«በስመ አብ! ክር! በልጄ አፍ ውስጥ የተቋጠረ ክር!»

እትዬ በላይነሽ አልሰሟቸውም። ተነስተው ወደ ወንበሩ ሄዱ፤ ሻማውን አስጠጉና ሳህኑን ከፈቱ። እዚያ ያለው ፈረሰኛ ክር የለውም። ሳህኑን አልከደኑትም። ቀና ብለው ያዩት ብርሃኑን አይደለም፤ ሰናይትንም አይደለም። ጋሽ ሁሴንን ነው ያዩት። እሱ አንገቱን ደፋ።

«በሉት» አሉ እትዬ በላይነሽ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፤ የባላቸውን ድርሻ ማለታቸው ነበር።

«በሉት ማለት ምን ማለት ነው?» አሉ የብርሃኑ እናት። «ምን አስደግመሽበት ነው?» ልጃቸውን ክንዱን ይዘው እየጎተቱ ወጡ። ሰናይት ተከተለቻቸው። ያን ቀን የቀረው ወጥ ሳይበላ ዋለ። በማግስቱም ወደ ቃሊቲ የሄደ ሳህን የለም።

ብርሃኑ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆዱን አመመው። የእውነት አመመው፤ ፍርሃት ሆድ ይቆርጣል። እናቱ ጠበል ወሰዱት፤ በየቤቱም «አማቱ በክር አስራ ልታስቀረው ነበር» እያሉ አወሩ። ጥምቀት ሳይደርስ ሰናይት ሻንጣዋን ይዛ እናቷ ቤት ተመለሰች። ባሏ አላባረራትም፤ ግን ያበሰለችውን አይበላም። «እሱ ዳቦ በሻይ ይበላል፣ እኔ ያበሰልኩትን ለብቻዬ እበላለሁ። እንደዚህ ይኖራል እንዴ?» ብላ አለቀሰችልኝ።

ጥምቀት አለፈና ሁለት ሽማግሌዎች ብርሃኑንና እናቱን ይዘው መጡ። እኔና ሰናይት ጓዳው በር ላይ ቆምን። ትልቁ ሽማግሌ ረጋ ብለው፣ ክሩ ምን እንደሆነ ብቻ እንዲነግሯቸው እትዬ በላይነሽን ጠየቁ።

«የይልማ ድርሻ ነው። ለመለየት ነው ያሰርኩት» አሉ።

«ይልማ የት አለ?» አሉ የብርሃኑ እናት።

እትዬ በላይነሽ መቀነታቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«ካለ ይምጣና ይብላ! ከሞተ ደግሞ የሙት ድርሻ አውጥተሽ ለልጄ አጉርሰሻል ማለት ነው። ይህን የምታደርግ ጠንቋይ ናት። አንዱን ምረጪ!»

ሴትየዋን ጠላኋቸው። ግን ጥያቄው ትክክል ነበር፤ በዚያ ቤት ውስጥ ማንም ደፍሮ ያላነሳው ጥያቄ ነው። ሰናይት ከአጠገቤ «እማዬ ተይው፤ ምንም አትመልሺ። እኔ ከአንቺ ጋር እኖራለሁ» አለች። እትዬ በላይነሽ ልጃቸውን አዩአት። ሥራ ሳይዙ፣ እጃቸው ባዶ ሆኖ ሰው ሲያዩ ያን ቀን ነው ያየኋቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሂጂ፣ ሁሴንን ጥሪልኝ።»

መኪኖቹ ከሚቆሙበት አገኘሁት። የላኩኝን ስነግረው እጁን በጨርቅ ጠርጎ ተከተለኝ። በሩ ጋ ሲደርስ ሽማግሌዎቹን አየ፣ ብርሃኑን አየ፣ እዚያው በሩ ላይ ቆመ።

«በላይነሽ» አለ፣ «ዛሬ እኮ ተክለ ሃይማኖት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ሌላ ቀን ልምጣ?»

«ሌላ ቀን የለም። ጻድቁም ይስሙት። ተናገር።»

ጋሽ ሁሴን ቆቡን አወለቀ። ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም፤ እንደቆመ ተናገረ። ይልማ በዚያው ዓመት በንዳድ ነው ያረፈው። መኪናዎቹን ተቀምተው፣ በዚያ ሙቀት አንድ መጋዘን ውስጥ ተጠርቅመው ሳሉ ነው። በጋሽ ሁሴን እጅ ላይ ነው ያረፈው። «ቄስ አልነበረም» አለ። «ያጠብኩት እኔ ነኝ። የማውቀውን ጸሎት አደረስኩለት፤ ሌላ አላውቅም። ይቅር በይኝ።»

«ርቦት ነበር?» አሉት።

«ምግብስ ይሰጡን ነበር። ጾም ነው ብሎ ግማሹን ይተወዋል። ገና ሊደርስ ነበር። የሚያወራው ስለ አንቺ ዶሮ ነው።» ጋሽ ሁሴን ያወለቀውን ቆብ በእጁ አጠፈው። «አደራ ብሎኛል። ይኸን ሁሉ ዘመን ተሸክሜው ዞርኩ። ‹ለገና ካልደረስኩ ፈረሰኛዬን ለሰናይት ስጫት በላት› ነው ያለኝ።»

«ለሰናይት?» አሉ።

«ለሰናይት።»

«ስንቱን ሹፌር አበላሁት» አሉ እትዬ በላይነሽ። «የልጄን ድርሻ ስንቱን ሹፌር አበላሁት።»

ከዚያ በኋላ የመጣውን ጩኸት መጻፍ አልፈልግም። ድንኳን ተተከለ፤ ስንት ዓመት ያረፈ ሰው እንደ ትናንት ተለቀሰ። ብርሃኑ እግራቸው ላይ ወድቆ አልነሳም አለ፤ እናቱም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለቀስተኛ ሲያስተናግዱ ሰነበቱ። የብርሃኑ ሆድ ያለ ጠበል ዳነ። ሰናይት ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ሰው ሁሉ «እፎይ አሉ፤ እርማቸውን አወጡ» አለ። እኔ አብሬያቸው የኖርኩት ግን እፎይታ አላየሁባቸውም። እውነቱን የሰሙት ለልጃቸው ትዳር ሲሉ ነው እንጂ ፈልገውት አይደለም፤ የከፈሉትም እሳቸው ብቻ ናቸው። በቀጣዩ ገና ዶሮ የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ቀይም ነጭም ብገዛ ግድ አልነበራቸውም። ፈረሰኛውን ለሰናይት ሰጧት። ልጅቷ እንባዋ እየወረደ «አልችልም» ስትላቸው፣ «ብይ፤ የአባትሽ ቃል ነው» አሏት። በላች። የወጡ ድስት ሲጠረግ «አለቀ» አሉ፤ እንደ ማንኛውም ሰው። የድፎው ስንጥቅ ወደ በሩ ዞሮ ነበር። ዓይኔ እጃቸው ላይ ነው፤ እጃቸው አልተንቀሳቀሰም።

«አያዞሩትም እትዬ?» አልኳቸው።

«ማን ሊመጣ?» አሉኝ።

ብዙም ሳልቆይ አዳማ ሥራ አግኝቼ ከአቃቂ ወጣሁ። በየበዓሉ እደውላለሁ፤ አጭር መልስ ይሰጡኛል። ደም ግፊቱ በረታባቸው፤ መድኃኒቱን አንድ ቀን ይወስዳሉ፣ አንድ ቀን ይተዋሉ። ሰናይት አንድ ጊዜ «እማዬ አሁን ማንንም አትጠብቅም» ብላኛለች። ይህን ስትለኝ እንደ ደህና ዜና ነበር የነገረችኝ፤ እኔን ግን አስፈራኝ።

እንግዲህ የሞታቸውን ወሬ ሰምቼ አቃቂ ስደርስ ድንኳኑ እንደተተከለ ነው። ጋሽ ሁሴን በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ አርጅቷል። እጁን ጨበጥኩት። ሰናይት አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ስትረጋጋ እየጎተተች ጓዳ አስገባችኝ። ለገና የተዘጋጀው ሽንኩርት ተልጦ እንደቀረ በሰፌድ ላይ ደርቋል።

«ተቀይመሽኛል?» አለችኝ።

«አልተቀየምኩም። ግን እንዴት ቻልሽው? ቀብረሻቸው ተመልሰሽ ‹ተኝታለች› ስትዪኝ?»

«አላሰብኩበትም፤ ከአፌ ወጣ። አንቺ ደግሞ ‹አትቀስቅሻቸው› አልሽኝ።» የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለችው። «ስልኩን ስዘጋው እውነት መሰለኝ እኮ። ወጥቼ ለቀስተኞቹን ቀስ በሉ አልኳቸው።»